ድጋፉ መሳቢያ ውስጥ ነበር፦ የሦስተኛ ዲግሪ ጉዞዬ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት ለጀመሩ፣ ለመጀመር ለተዘጋጁ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጀምረው መሃል ላይ ለቆሙና መቆማቸውን ለአማካሪያቸውም ለቤተሰባቸውም ላልተናገሩ ሰዎች ነው። እኔ ከእነዚህ ከመጨረሻዎቹ አንዷ ነበርኩ። ደሴ ተወልጄ ያደግኩ፣ ወሎ ውስጥ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ የማስተምር ሰው ነኝ፤ ሦስተኛ ዲግሪዬን የተማርኩት ግን በሌላ ከተማ በሚገኝ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ነው። ጥናቴ የበልግ ዝናብ መዛባት የደቡብ ወሎ አርሶ አደር የሚዘራውን ሰብል እንዴት እንደቀየረው የሚመረምር ነበር። በአራት ዓመት ያልቃል የተባለው ትምህርት ስድስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት ተጠናቀቀ። ከተጨመረው ጊዜ ግማሹን ጦርነትና ወረርሽኝ ወስደውታል፤ ግማሹን የወሰደው ግን ይሉኝታዬ ነው። ስለ መጀመሪያው ግማሽ ማድረግ የምችለው ብዙ ነገር አልነበረም፤ የምጽፈው ስለ ሁለተኛው ነው።

በመስከረም 2012 ዓ.ም. የመግቢያ ደብዳቤዬ እንደደረሰኝ የላከኝ ዩኒቨርሲቲ የሰው ኃይል አስተዳደር ቢሮ ውል አስፈረመኝ። ቆሜ ነው የፈረምኩት። ዋስ የሆነኝ ታላቅ ወንድሜ ከሥራው አስፈቅዶ ስለመጣ ይቸኩላል፣ ከኋላዬ ሌሎች ሁለት መምህራን ተራ ይጠብቃሉ፣ እኔም ስድስት ገጽ ውል መስኮት ላይ ቆሜ ባነብ መሥሪያ ቤቴን የማላምን እመስላለሁ ብዬ ፈራሁ። ደመወዜ እንደሚቀጥልና ስጨርስ የተወሰኑ ዓመታት የማገልገል ግዴታ እንዳለብኝ በወሬ አውቃለሁ፤ ከዚያ በላይ ምን ያስፈልጋል ብዬ ፈርሜ ወጣሁ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ያንን ውል አውጥቼ ሳነበው ላቤ መጣ። ደመወዙ የሚከፈለው ለአራት ዓመት ብቻ ስለነበር፣ ማራዘሚያ የሚፈልግ ሰው ጊዜው ከማለቁ ሦስት ወር አስቀድሞ በጽሑፍ መጠየቅ ነበረበት። በየስድስት ወሩ የትምህርት ሂደት ሪፖርት ለሚማርበት ብቻ ሳይሆን ለላከውም ክፍል ማስገባት ነበረበት። ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን የምማርበት ዩኒቨርሲቲ ከሚሰጠኝ የምርምር ገንዘብ ሌላ የላከኝም ተቋም ለመስክ ሥራ የሚሰጠው ድጋፍ መኖሩ ነው፤ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜም አልጠየቅኩትም። የእናንተ ውል ከእኔ ሊለይ ይችላል። ቢሆንም ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ቅጂ ቤት ወስዳችሁ አንብቡ፣ ቀን የተጻፈባቸውን አንቀጾች ለይታችሁ በስልካችሁ ማስታወሻ ሙሉ፣ ዋሳችሁም እንዲያነበው አድርጉ፤ ዕዳው ቢመጣ የእሱም ነውና።

ሌላው ስሕተቴ የአማካሪ አመራረጤ ነበር። በዘርፉ ስማቸው የገነነውን ሰው መረጥኩ፤ በወቅቱ ስንት ተማሪ እንደያዙ፣ ቀደም ሲል ያስመረቋቸው በስንት ዓመት እንደጨረሱ አልጠየቅኩም። ለካ እኔ አሥራ አንደኛዋ ነበርኩ። አንድ ጊዜ 64 ገጽ የሆነ ምዕራፍ በኢሜይል ልኬላቸው ሦስት ወር ሙሉ መልስ ጠበቅኩ፤ ደግሞ መጻፍ ትልቅን ሰው መነዝነዝ መሰለኝ። እንደ እውነቱ ከሆነ 64 ገጽ ማንበብ የሙሉ ቀን ሥራ ነው፣ እንዲህ ያለ ቀን ደግሞ አማካሪዬ አልነበራቸውም። በኋላ አምስት አምስት ገጽ እየቆረጥኩ፣ በኢሜይሉ አናት ላይ ሦስት ግልጽ ጥያቄዎችን እየጻፍኩ ስልክላቸው መልሱ በሳምንት ውስጥ ይመጣ ጀመር። አማካሪ ከመምረጣችሁ በፊት በእሳቸው ሥር ያሉ ሁለት ተማሪዎችን ቡና ጋብዛችሁ አነጋግሩ። አዋቂ ናቸው ወይ ብላችሁ አትጠይቁ፤ ረቂቅ ስትልክላቸው በስንት ቀን ይመልሳሉ ብላችሁ ጠይቁ።

በመጋቢት 2012 ኮሮና አገራችን መግባቱ ሲነገር ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉና እኔም ደሴ ተመለስኩ። ስለዚያ ጊዜ ብዙ የምለው የለኝም፤ የቀሩኝን ኮርሶች እንደ ምንም ጨርሼ በ2013 ንድፈ ጥናቴ ጸደቀ፤ ወደ መስክ ወጣሁ።

የናሙናዬ ብዛት 384 አባወራ ነበር። የአገራችን የድኅረ ምረቃ ተማሪ ይህችን ቁጥር በደንብ ያውቃታል፤ በ95 በመቶ የመተማመኛ ደረጃና በ5 በመቶ የስሕተት ወሰን ለሰፊ ሕዝብ ሲሰላ ቀመሩ የሚያወጣት እሷን ስለሆነ፣ ለምን እንደሆነች ሳንጠይቅ የምንጽፋት ብዙዎች ነን። ግማሹን ከኩታበር ወረዳ ደጋ፣ በልግ ሲቀር ገብሱም አብሮ ከሚቀርበት አካባቢ፣ ግማሹን ደግሞ ማሽላ፣ ጤፍና ማሾ ከሚዘራበት ከቃሉ ወረዳ መረጥኩ። ሥራው ደስ ይል ነበር። አሁን የምነግራችሁ ግን ስለ አንዲት በቅሎ ነው።

ኩታበር ውስጥ መኪና የማይገባበት አንድ ቀበሌ ለመድረስ በቅሎ ተከራየሁ። ከወር በኋላ ሒሳብ ላወራርድ ፋይናንስ ስቀርብ ባለሙያዋ ወረቀቶቼን አንድ በአንድ ገልብጣ «የትራንስፖርቱ ደረሰኝስ?» አለችኝ። «በበቅሎ ነው የሄድኩት» አልኳት። «የበቅሎዋ ደረሰኝስ?» በቢሮው የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ፤ ግን ወረቀቱ ተመለሰ። ገንዘቡ ትንሽ ስለነበር ከኪሴ ይሁን ብዬ ተውኩት። ያላወቅኩት፣ የመጀመሪያውን ዙር ገንዘብ ያላወራረደ ሰው ሁለተኛው ዙር እንደማይለቀቅለት ነው። ለአንዲት በቅሎ ኪራይ ብዬ ፋይሌ «ያልተወራረደ» ተብሎ ሁለት ዓመት ያህል ተቀመጠ። መፍትሔውን የሰማሁት ዘግይቼ ነው፦ የተቀባዩ ስም፣ የተከፈለው መጠንና ምክንያቱ የተጻፈበት፣ ተቀባዩ የፈረመበት ወይም አሻራውን ያሳረፈበት፣ የቀበሌው ማኅተም ያለበት ቅጽ በእኔ ቦታ ተቀባይነት ነበረው። መስክ ከመውጣታችሁ በፊት የፋይናንስ ባለሙያውን «ደረሰኝ ለማይሰጥ ሰው ስከፍል ምን ላምጣ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ቅጹንም በሃያ ኮፒ ይዛችሁ ውጡ።

በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ። የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። በአንድ ቦርሳ ልብስ፣ በሌላው ላፕቶፕ ይዤ ከቤተሰቤ ጋር ወደ ደብረ ብርሃን ወጣን። በሁለት ካርቶን የታሰሩት መጠይቆችና ውጫዊው ሃርድ ዲስክ ቢሮዬ ቀሩ። በታኅሣሥ ስንመለስ የቢሮው በር ከማጠፊያው ተነቅሎ፣ ወረቀቱ እስከ ኮሪደሩ ድረስ ተበትኖ፣ ዝናብና ጫማ ተፈራርቀውበት አገኘሁት። ሃርድ ዲስኩ አልነበረም። ካነሳኋቸው ገጾች በአንዱ ጠርዝ ላይ በራሴ እጅ የጻፍኩት «ሦስት በልግ ተከታትሎ ቀረ፤ ገብሱን ትተው ምስር» የሚል ማስታወሻ አሁንም ይነበብ ነበር፤ የማን ቤት እንደሆነ የሚናገረው የመጀመሪያው ገጽ ግን የለም። ላፕቶፑ ላይ ገብቶ የተረፈው የ217 አባወራ መረጃ ብቻ ነበር። መጠይቁን ማታ ማታ በስልኬ ፎቶ እያነሳሁ ለእህቴ ብልክላት ኖሮ ሁሉም ይተርፍ ነበር። ዛሬ የማስተምራቸውን ሁሉ የምለምነው ይህንን ነው፦ የመስክ መረጃ በሦስት ቦታ ይቀመጥ፣ ከሦስቱም አንዱ ከምትኖሩበት ከተማ ውጭ ይሁን።

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ስሕተት ለመጻፍ ዛሬም ይከብደኛል። ለአማካሪዬ አልነገርኳቸውም። ከተማው ሁሉ ሐዘን ላይ ተቀምጦ እያለ «የእኔ ወረቀት ጠፋ» ማለት አሳፈረኝ፤ ሌላ ሰው ልጁን ቀብሮ የእኔ መጠይቅ ምንድን ነው? በሚያዝያ ወለድኩ። ከወሊድ በኋላ ደግሞ ይህን ያህል ጊዜ ጠፍቼ አሁን ምን ብዬ ልጻፍ የሚለው ተጨመረበት። አንድ ወር ዝም ያለ ሰው ሁለተኛውን ወር ዝም ለማለት ምክንያት አያጣም። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሁለት ሪፖርት ሳላስገባ አለፈኝና በጥቅምት 2015 ከተማሪነት ልሰረዝ እንደምችል የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ።

ልጄን ለእናቴ ትቼ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ልክራከር አልነበረም የሄድኩት፤ በራሴ ፈቃድ አቋርጬ ቢያንስ በክብር ልውጣ ብዬ ነው። የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ማመልከቻዬን ተቀብላ አነበበችውና መዝገብ ላይ ሳታሰፍረው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ንግግሬን ሰምታ «የየት አገር ልጅ ነሽ?» አለችኝ። ደሴ አልኳት። እሷም የወረኢሉ ሰው ኖራለች። «አብሽሪ፤ ነይ ቁጭ በይ» አለችና ሻይ አስመጣች። ከዚያ ከጠረጴዛዋ ሥር ያለውን የብረት ካቢኔ ታችኛ መሳቢያ በእግሯ ገፋ፣ በእጇ ሳብ አድርጋ ከፈተችው፤ መቆለፊያው የተበላሸ ስለነበር እንደዚያ ካልሆነ አይከፈትም። በውስጡ በላስቲክ የታሰሩ ቅጾች ነበሩ። አንድ በአንድ እያወጣች ፊቴ ደረደረቻቸው። በወሊድ፣ በሕመም ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት የትምህርት ጊዜ እንዲቆም የሚጠየቅበት፤ ሁለተኛ አማካሪ የሚጨመርበት፤ የጥናት ርዕስና ስልት የሚሻሻልበት፤ ቀሪው የምርምር ገንዘብ የሚጠየቅበት፤ በጉባኤ ላይ ጽሑፍ ለሚያቀርብ ተማሪ የጉዞ ወጪ የሚሸፈንበት። «ወልደሽ ነው የጠፋሽው? ለወለደች ሴት እኮ ሰዓቱ ይቆምላታል። ይኼ ሁሉ ወረቀት የተዘጋጀው ለሚጠይቅ ሰው ነው፤ የሚጠይቅ ግን በዓመት ሁለት ሰው አይሞላም» አለችኝ።

በትምህርት ክፍሉ አልፈርድም ለማለት እፈልጋለሁ፣ ግን እውነቱን ለመናገር እፈርዳለሁ። ለተማሪ የተዘጋጀ ድጋፍ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከሁለት ዓመት በፊት የወጣ የፈተና ፕሮግራም ተለጥፎ የሚኖርበት ምክንያት አይታየኝም። የእኔ ጥፋት ደግሞ ያንን ክፍል ሦስት ዓመት ስረግጥ «ለሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ምን ምን ድጋፍ አለ?» የሚል አንድ ጥያቄ ከአፌ አለመውጣቱ ነው። ይህን ጥያቄ በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቁ፤ የምትጠይቁትም ኃላፊውን ብቻ አይሁን። ኃላፊ በየሁለት ዓመቱ ይቀያየራል፣ ጸሐፊዋ ግን ሁሉንም አይታለች።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት አማካሪዬን አገኘኋቸው። የፈራሁት ቁጣ አልመጣም። የሆነውን ሁሉ ከሰሙ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው «የጠፋውን ሰማሁ፤ አሁን በእጅሽ ያለውን ንገሪኝ» አሉኝ። 217 አልኳቸው። «በ217 ተመርቀው የወጡ ሰዎች አውቃለሁ» አሉ። ወሎ ውስጥ የሚኖር የአየር ንብረት ተመራማሪ በሁለተኛ አማካሪነት እንዲጨመርልኝም ተስማማን፤ ይህ ካገኘኋቸው ድጋፎች ሁሉ የላቀው ነበር፤ ምክንያቱም ከዚያ ወዲህ ጥያቄ ሲያጋጥመኝ የአንድ ቀን መንገድ መሄድ ቀርቶ ሻይ ቤት መገናኘት በቂ ሆነ። ለወሊዱ የሐኪም ማስረጃ አያይዤ ባቀረብኩት ማመልከቻ አንድ ሴሚስተር ወደ ኋላ ተቆጥሮ ተያዘልኝ። በጦርነቱ ምክንያት የጠየቅኩት ሌላኛው ሴሚስተር ግን በጊዜው አላመለከትሽም ተብሎ ቀረ።

ጥናቱን ከሁለቱ አማካሪዎቼ ጋር አጠበብነው። የ217ቱን መረጃ እንደያዝን፣ በሁለቱ ወረዳዎች ጥቂት ሽማግሌዎችን፣ ሴት አርሶ አደሮችንና የግብርና ባለሙያዎችን በቡድን አወያየሁ፤ የቀረውን ክፍተት በዝናብ መረጃ ለመሙላት ወሰንን። የጣቢያ መረጃ ፍለጋ ኮምቦልቻ ወደሚገኘው የሜትሮሎጂ ቢሮ ስሄድ የያዝኩት የድጋፍ ደብዳቤ «ለተማሪዋ አስፈላጊው ትብብር ይደረግላት» የሚል ብቻ ነበር። የየትኛው ጣቢያ፣ ከስንት እስከ ስንት ዓመት፣ የዝናብ ነው የሙቀት፣ የዕለት ነው የወር፤ አንዱም አልተጻፈም። ከደሴ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ መልሼ ወጣሁ፤ ደብዳቤው ተስተካክሎ እስኪመጣም ሦስት ሳምንት ፈጀ። የድጋፍ ደብዳቤ ስታስጽፉ ይዘቱን ራሳችሁ አርቅቃችሁ ስጡ፤ ጸሐፊዋም ትደሰታለች፣ ተቀባዩም ጥያቄ አያበዛም። በጣቢያው መዝገብ ውስጥ ላገኘኋቸው ክፍት ወራት ከሳተላይትና ከጣቢያ ንባብ ተቀናጅቶ የተዘጋጀውን የቺርፕስ የዝናብ መረጃ ተጠቀምኩ። ይህ መረጃ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን የሚይዝ፣ በየአምስት ኪሎ ሜትር ገደማ የተከፋፈለና በነፃ የሚወርድ ስለሆነ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለውን ዝናብ በወረዳ ደረጃ ለማየት ጠቅሞኛል። ወሎ ውስጥ በሰብል ላይ ለምትሠሩ ደግሞ የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ቅርባችሁ ነው፤ በሩን ሳታንኳኩ መረጃ የለም ብላችሁ አትጻፉ።

ከ2015 ጀምሮ ያቆመኝ የቅዳሜው ቡድን ነው። ደሴ ውስጥ የምንኖር፣ በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች የተመዘገብን አራት የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ካፌ ፎቅ ላይ እንገናኝ ነበር። አንዱ የሕዝብ ጤና፣ አንዱ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ፣ አንዷ የሒሳብ ትምህርት ሰው ናቸው፤ አንዳችን የሌላውን ሙያ አናውቅም። ይህ ጉድለት የሚመስለው ነገር ነበር ጥቅሙ፤ የሥነ ጽሑፉ ሰው ያልገባውን አንቀጽ ፈታኙም እንደማይገባው ተማርኩ። ስልክ ቅርጫት ውስጥ ይገባል፤ ሁለት ሰዓት ይጻፋል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ሁለት ገጽ ያነባል። ሁለት ገጽ ያላመጣ ሰው የሁሉንም ቡና ይከፍላል። የመጀመሪያውን ወር ቡና ሁሉ እኔ ነበርኩ የከፈልኩት። ይህን መሰል ቡድን የትምህርት ክፍላችሁ ካቋቋመ መልካም፤ ካላቋቋመ ግን ፈቃድ የሚጠየቅበት ነገር አይደለም፤ አንድ ሰው ፈልጋችሁ ጀምሩ።

ስለ ንባብ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ለረጅም ጊዜ ጽሑፍ የማገኘው ውጭ ያለች ጓደኛዬን እየለመንኩ ነበር። በኋላ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያችንን ሳነጋግረው ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባለውን አገልግሎት አሳየኝ። ሂናሪ፣ አጎራና ኦአሬን ጨምሮ የጤና፣ የግብርና፣ የአካባቢ፣ የቴክኖሎጂና የሕግ ጽሑፎችን በአንድ ላይ የያዘ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ በነፃ ከሚጠቀሙት አገሮች ምድብ ውስጥ ናት። መግቢያው የሚሰጠው ለተመዘገበ ተቋም እንጂ ለግለሰብ ስላልሆነ ቤተ መጻሕፍቱን መጠየቅ ግድ ነው። ማጣቀሻ ለመያዝ ዞቴሮ፣ ለካርታ ኪውጂአይኤስ፣ ለስታቲስቲክስ አር ሁሉም በነፃ የሚገኙ ናቸው፤ ፈቃዱ የተሰበረ ሶፍትዌር እየፈለጋችሁ ኮምፒውተራችሁን በቫይረስ አታስበሉ።

ከመመረቅ በፊት ጽሑፍ ማሳተም በእኔ ፕሮግራም ግዴታ ነበር፤ እዚህም ላይ ልወድቅ ነበር። አንድ ቀን «ክብርት ፕሮፌሰር» ብሎ የሚጀምር ኢሜይል ከአንድ ጆርናል መጣልኝ። ገና አልተመረቅኩም፣ ፕሮፌሰር ተባልኩ! በሦስት ሳምንት ውስጥ እናትማለን ይላል። ላክሁላቸው፤ በአራተኛው ቀን ያለ አንድ አስተያየት «ተቀብለናል፣ ክፍያ ይፈጸም» አሉ። የቅዳሜው ቡድን ባልደረባዬ ኢሜይሉን ሲያይ ሳቀና የአርትዖት ቦርዱን አብረን ፈተሽን፤ አባል ከተባሉት አንዱ ይሠሩበታል በተባለው ተቋም ድረ ገጽ ላይ እንዲህ ያለ ሰው የለም። ጽሑፌን መልሱ ብዬ እስክገላገል አራት ወር ሄደ፤ በዚያ ጊዜ ሌላ ቦታ መላክ አልችልም። የአገር ውስጥ ከሆነ በትምህርት ሚኒስቴር ዕውቅና የተሰጣቸውን ጆርናሎች ምረጡ፤ የውጭ ከሆነ በዋና ዋና ማውጫዎች ውስጥ መኖሩን ከማውጫው ራሱ አረጋግጡ እንጂ የጆርናሉን ድረ ገጽ አትመኑ። ክፍያ የሚጠይቁ ነገር ግን የታመኑ አሳታሚዎች ብዙዎቹ እንደ ኢትዮጵያ ካሉ አገሮች ለሚልክ ደራሲ ክፍያውን ሙሉ በሙሉ ያነሳሉ። ዋናው ነገር ጥያቄውን ጽሑፉን ስትልኩ ማቅረብ ነው፤ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ ይከለከላል። እኔ በዚህ መንገድ አንድ ሳንቲም ሳልከፍል አሳተምኩ።

በነሐሴ 2015 በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ጽሑፌ ገምጋሚዎች እጅ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማስተካከያ የምልከው የገመድ ኢንተርኔት ካለበት ግቢ ቁጭ ብዬ ነው። የሚያስፈልገኝን በአንድ ጊዜ አውርጄ ቤት ማንበብን ለመድኩ፤ ለአዘጋጁም ያለሁበትን ሁኔታ በሁለት መስመር ጽፌ ተጨማሪ ጊዜ ጠየቅኩ። በማግስቱ አርባ ቀን ሰጡኝ። ዱሮ ብሆን ዝም ብዬ ቀኑን አሳልፈው ነበር።

ከውጭ ስለሚገኙ ዕድሎች ብዙ ይጠየቃል። ለሴቶች፣ መቀመጫውን ጣሊያን ትሪየስት ያደረገው በታዳጊ አገሮች የሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት የሦስተኛ ዲግሪ ድጋፍ አለው፤ በአገር ቤት ዩኒቨርሲቲ እንደተመዘገቡ በሌላ ታዳጊ አገር ለተወሰነ ጊዜ ተመራምሮ የመመለስ አማራጭም አለው። እኔ የሰማሁት ጊዜው ካለፈኝ በኋላ ስለሆነ እናንተ በመጀመሪያው ዓመት ተመልከቱት። ጽሑፍ ስጀምር ደግሞ ኦተርኤይድ የተባለው የታዳጊ አገር ተመራማሪዎችን የሚደግፍ ፕሮግራም በነፃ የሰጠኝ የበይነ መረብ ሥልጠና ጠቅሞኛል። ይሁን እንጂ ማስታወቂያ ማሳደድም ራሱ ሥራ መፍታት ነው። በአንድ ዓመት ለሰባት ቦታ አመልክቼ አምስቱ አልተሳካም፤ ከሁለቱ አንዱ የጉባኤ ጉዞ፣ አንዱ የአሥር ቀን ሥልጠና ነበር። ለአማካሪያችሁ የድጋፍ ደብዳቤ ስትጠይቁ ሦስት ሳምንት ስጧቸው፤ ስለ ራሳችሁ ግማሽ ገጽ ጽፋችሁ አያይዙ። ማታ ጠይቆ ለነገ ጠዋት የሚፈልግ ተማሪ የሚያገኘው ደብዳቤ የማንንም ስም ቢያስገቡበት የሚሠራ ደብዳቤ ነው።

በግንቦት 2017 ጽሑፌን ተከላከልኩ። የውጭ ፈታኙ ስለ 217 ጠየቁኝ፤ የሆነውን ተናገርኩ፤ በምዕራፍ ሦስትም ጽፌው ስለነበር አልተከራከሩኝም። ጸሐፊዋ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር።

አሁን በራሳችን ክፍል ለሦስተኛ ዲግሪ የሚሄዱ መምህራንን ጉዳይ የምከታተለው እኔ ነኝ። የመጀመሪያ ሥራዬ አንድ ገጽ መለጠፍ ነበር፦ ምን ድጋፍ እንዳለ፣ በየትኛው ወር እንደሚጠየቅ፣ ቅጹ ማን ጋ እንደሚገኝ። ባለፈው ወር አንዲት ወጣት መምህርት የመግቢያ ደብዳቤዋንና ውሉን ይዛ መጣች። ቆማ «ፈርሜ ልመለስ ነው፤ ዋሴ ታች እየጠበቀኝ ነው» አለች። ወንበር ሰጠኋትና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረን አብረን አነበብን። አራተኛው ገጽ ላይ ያልጨረሰ ተማሪ ዋስ የሚከፍለውን የሚዘረዝረው አንቀጽ ጋ ስንደርስ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ስልኳን አንስታ ደወለችና «አጎቴ፣ ወደ ላይ ውጣ፤ አንተም የምታነበው ነገር አለ» አለችው።